አይጥ እንዴት አልባትሮስ ትበላለች?

ሰላም ሰዎች። ደቡብ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ባለችው ጎፍ ደሴት ላይ አይጦች የአልባትሮስ (የትልቁ የባሕር ወፍ) ጫጩት ይበላሉ ሲባል ሰምቼ ግራ ገባኝ። ጫጩቱ ኪሎዎች የሚመዝን፣ አይጧ እፍኝ የማትሞላ! ደግሞስ ማን አየ? እዚያ ነዋሪ የለም አይደል?

መልስ 1፦ ነዋሪ ባይኖርም የደቡብ አፍሪካ የአየር ሁኔታ ጣቢያ አለ፣ ተመራማሪዎችም እየከረሙ ጎጆ ይቆጥራሉ። ወላጆቹ ምግብ ፍለጋ ባሕር ሲወጡ ጫጩቱ መሬት ላይ ብቻውን ይቀራል። አይጦቹ ማታ ይመጡና ሥጋውን በቁሙ ይቦረቡሩታል፤ እሱ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ደሴቲቱ ላይ አጥቢ አዳኝ ስላልነበረ ወፎቹ መከላከል የሚባል ነገር አያውቁም። በሌሊት ካሜራ ተቀርጿል፣ ልብ ካለህ እየው።

መልስ 2፦ አይጦቹም ቢሆኑ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባሕር እንስሳ በሚያድኑ ሰዎች መርከብ የመጡ እንግዶች ናቸው።

ጠያቂ፦ ታዲያ ለምን አያጠፏቸውም?

መልስ 3፦ ሞክረዋል እኮ! በ2021 በሄሊኮፕተር መርዝ በተኑ፣ ሁሉም ያለቀ መስሎ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ (በፈረንጆቹ) ካሜራው ላይ አንዲት አይጥ ብቅ! ጥቂት ከተረፉ መልሰው ይራባሉ። እዚያ ጎጆ የሚሠራው የትሪስታን አልባትሮስ ግን ጫጩቱን ማሳደግ ከተሳካለት በሁለት ዓመት አንድ እንቁላል ነው የሚጥለው። ሒሳቡን አንተው ሥራው።