የአንድን የቆዳ ሕክምና ተመራማሪ የኅትመትና የትብብር መዝገብ እንዴት ማንበብ ይገባል?

ጥያቄ፦ ከቆዳ ሕክምና ሬዚደንት (በስፔሻሊስትነት ሥልጠና ላይ ካለች ሐኪም)

ጤና ይስጥልኝ። የመመረቂያ ጥናቴን እንዲያማክሩኝ ልጠይቃቸው የማስባቸው አንድ ተመራማሪ አሉ። አስቀድሜ ሥራቸውን በወጉ ልወቅ ብዬ የኅትመት ዝርዝራቸውን ስመረምር ግን ያልገቡኝ ነገሮች በዙ። ፐብሜድ በተባለው የጥናት ጽሑፎች ማውጫ ላይ የሚገኙት ጽሑፎቻቸው በጉግል ስኮላር ላይ ካሉት በእጅጉ ያንሳሉ፤ ጽሑፎቻቸው ምን ያህል እንደተጠቀሱ የሚለካው ኤች-ኢንዴክሳቸውም ስኮፐስ በተባለው ሌላ ማውጫ ሲታይ ሌላ ነው። ከጽሑፎቹ ብዙዎቹ የአንድ ሕመምተኛን ሁኔታ የሚያቀርቡ ኬዝ ሪፖርቶች ሲሆኑ፣ ብዙ ጊዜ የተጠቀሱት ደግሞ የጸሐፊዎቻቸው ቁጥር እጅግ የበዛና የእርሳቸው ስም መካከል ላይ የሰፈረባቸው ናቸው። በቅርብ ዓመታት በታተሙት የሶሪያሲስ (ቆዳን የሚያቀላና የሚያቀርፍ ሥር የሰደደ በሽታ) መድኃኒት ሙከራዎች ላይም የመድኃኒት ኩባንያ ሠራተኞች አብረዋቸው ጽፈዋል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ስለ ተመራማሪው ብቃትና ስለ አማካሪነታቸው እውነቱን የሚነግረኝ የትኛው ነው?

መልስ፦ ከጤና ሳይንስ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ

ስለ ቁጥሮቹ ልመልስልዎት። ፐብሜድ በአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሚተዳደር ሲሆን በዋነኛነት የሕክምናና የሕይወት ሳይንስ ጆርናሎችን ይይዛል። ጉግል ስኮላር ግን የመመረቂያ ጽሑፍን፣ ለጉባኤ የቀረበ አጭር መግለጫን፣ የመጽሐፍ ምዕራፍንና በአቻ ያልተገመገመ ረቂቅን ጭምር ስለሚሰበስብ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል። ስኮፐስም ጆርናሎችን የሚመርጥበት የራሱ መስፈርት አለው። ስለዚህ ልዩነቱ በራሱ የሚያስጠረጥር ነገር አይደለም፤ ሁለት ሰዎችን ማነጻጸር ካስፈለገዎት ግን የሁለቱንም ቁጥር ከአንድ ምንጭ ይውሰዱ።

ኤች-ኢንዴክስ የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ኸርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው መለኪያ ነው። የአንድ ሰው ኤች-ኢንዴክስ 20 ነው ሲባል እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። መለኪያው ጥናቱን የመራውን ሰው ጥቂት ሕመምተኞች ከመዘገበው አይለይም፤ በሥራ ላይ ብዙ ዓመት ለቆየ ሰውም ያደላል። የቆዳ ሕክምና ደግሞ ከካንሰር ወይም ከልብ ሕክምና ጋር ሲነጻጸር የተመራማሪዎቹ ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ ጽሑፎቹ የሚጠቀሱበት መጠንም ዝቅ ይላል። የጆርናሉን ኢምፓክት ፋክተር፣ ማለትም በጆርናሉ የወጡ ጽሑፎች በአማካይ የሚጠቀሱበትን መጠን፣ የሰውየው መመዘኛ ማድረግም አይገባም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የተረቀቀው የሳን ፍራንሲስኮ የምርምር ምዘና መግለጫ በግልጽ የተቃወመው ይህንኑ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ዝርዝሩ የእርሳቸው ብቻ መሆኑን ያረጋግጡ። በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ የሚጻፍ ስም የአንዱን ሰው ሥራ ለሁለት ይከፍላል፤ ተመሳሳይ ስም ደግሞ የሁለት ሰዎችን ሥራ ያደባልቃል። ኦርሲድ የተባለው ባለ 16 አሃዝ መለያ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ይህን ችግር ለማቃለል ነው። የተሻረ ጽሑፍ ካለም ፐብሜድ ከርእሱ ጋር ያሳይዎታል፤ ካገኙ ምክንያቱን ሳያነቡ አይፍረዱ፤ ስሕተቱን ራሱ ደርሶበት ጽሑፉን የሳበ ተመራማሪ ሊከበር እንጂ ሊነቀፍ አይገባውምና።

መልስ፦ ከቆዳ ሕክምና ተመራማሪ

ኬዝ ሪፖርቶቹን አይናቁ። የቆዳ ሕክምና በዓይን የሚታይ ሙያ በመሆኑ አዲስ የመድኃኒት ጉዳት ወይም ያልተለመደ የበሽታ መልክ መጀመሪያ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ በአንድ በጥንቃቄ በተመዘገበ ሕመምተኛ ነው። እኔ የምመለከተው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው፤ ተመራማሪው በአንድ ሕመምተኛ ያየውን ጥያቄ ወደ ብዙ ሕመምተኞች ጥናት አሳድጎታል ወይስ በየዓመቱ ርእሱን እየለወጠ ሌላ ኬዝ ብቻ ያሳትማል?

በሕክምና ጽሑፎች በተለመደው አሠራር የመጀመሪያው ስም አብዛኛውን ሥራ የሠራው፣ የመጨረሻው ደግሞ ጥናቱን የመራው ሰው ነው። ስለሆነም ስማቸው በመጨረሻ ላይ የሰፈረባቸውን ጽሑፎች ለይተው ያውጡና በእነዚያ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው ማን እንደሆነ ይመልከቱ። ሬዚደንቶችና ወጣት ሐኪሞች ከሆኑ፣ ከዚያም በኋላ በራሳቸው መጻፍ ከቀጠሉ፣ ለእርስዎ ከማንኛውም ኢንዴክስ የሚበልጥ ማስረጃ አገኙ ማለት ነው። ሁሌም የመጀመሪያም ሆነ የመጨረሻ ስም የእርሳቸውና የጥቂት ባልደረቦቻቸው ብቻ ከሆነ ግን ቢያስቡበት ይሻላል።

ትብብርንም በተባባሪዎች ብዛት አልለካውም። የቆዳ ናሙና የሚመረምር ፓቶሎጂስት፣ የበሽታ መከላከያ ሥርዓት አጥኚና የስታቲስቲክስ ባለሙያ ለዓመታት አብረዋቸው ከጻፉ በመካከላቸው እውነተኛ የሥራ ግንኙነት አለ። እንደ ፔምፊገስ ወይም ኤፒደርሞሊሲስ ቡሎሳ ባሉ ብርቅ በሽታዎች ላይ አንድ ሆስፒታል በቂ ሕመምተኛ ስለማያገኝ የጸሐፊዎች ብዛት የግድ ነው። የኤግዚማ ጥናቶች ውጤታቸውን በአንድ ዓይነት መለኪያ እንዲያቀርቡ ሆም የተባለው ዓለም አቀፍ ቡድን ሲሠራ ብዙ ሐኪሞች፣ ተመራማሪዎችና ሕመምተኞች ተሳትፈዋል፤ ቡድኑ ለሚታዩ የበሽታው ምልክቶች ኢሲ የተባለውን፣ ሕመምተኛው ራሱ ለሚናገራቸው ስሜቶች ደግሞ ፖኤም የተባለውን መለኪያ መርጧል። በእንዲህ ያለ ሥራ ስሙ መካከል ላይ የሚገኝ ሰው ለሙያው ትልቅ ነገር አበርክቶ ሊሆን ይችላል።

መልስ፦ ከክሊኒካል ትራያል አስተባባሪ

ከኩባንያ ጋር መሥራት በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ዛሬ ለሶሪያሲስ የምንጠቀምባቸው ባዮሎጂካል መድኃኒቶች የተፈተኑት በአብዛኛው በአምራቾቻቸው ገንዘብ ነው። መመርመር ያለበት የእርሳቸው ድርሻ ነው። የዓለም አቀፍ የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ኮሚቴ ጸሐፊ ለመባል አራት ነገሮች አንድ ላይ እንዲሟሉ ይጠይቃል፤ እነዚህም በጥናቱ ንድፍ ወይም በመረጃው ላይ ጉልህ አስተዋጽኦ ማድረግ፣ ጽሑፉን ማርቀቅ ወይም በጥልቀት ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅና ለሥራው ተጠያቂ መሆን ናቸው። በጽሑፉ መጨረሻ ያለውን የአስተዋጽኦና የጥቅም ግጭት መግለጫ ያንብቡ። መረጃውን የያዘውና የተነተነው ኩባንያው ብቻ ነው? ረቂቁን የጻፈው በኩባንያው የተከፈለው ጸሐፊ ነው?

ሌላው መንገድ ሙከራው አስቀድሞ የተመዘገበበትን ሰነድ ከታተመው ጋር ማስተያየት ነው። ሲመዘገብ ዋናው ውጤት ፓሲ 90፣ ማለትም የበሽታው ክብደት በ90 በመቶ መቀነስ ከነበረና በኅትመቱ ላይ ያለ ማብራሪያ ወደ ፓሲ 75 ዝቅ ካለ፣ ይህ ከኩባንያው ስም የበለጠ ሊያሳስብዎት ይገባል። ኩባንያ ከሌለባቸው ሥራዎቻቸው ጋርም ያነጻጽሩ፤ በራሳቸው ጥያቄ ተነሥተው የሠሩት ጥናት መኖር አለመኖሩ ብዙ ይናገራል።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስማቸው በመጨረሻ የሰፈረባቸውን ጽሑፎች ለየኋቸው፤ አብዛኞቹ በሬዚደንቶች የተጀመሩ ሲሆኑ፣ በእከክና በሥጋ ደዌ ላይ ያተኮሩትም ያለ ኩባንያ ድጋፍ የተሠሩ ናቸው። ብዙ ያልተጠቀሱት እነዚህ መሆናቸው መጀመሪያ አሳስቶኝ ነበር። የቀረኝ ጥያቄ ከመዝገቡ የማይታየውን ነገር ከማን መጠየቅ እንደሚገባኝ ነው።

መልስ፦ ከቆዳ ሕክምና ተመራማሪ

ከቀድሞ ሬዚደንቶቻቸው ለአንዱ በአክብሮት ይጻፉ። ረቂቅ ሲላክላቸው በምን ያህል ጊዜ አርመው እንደሚመልሱ፣ የጸሐፊዎች ቅደም ተከተል ሥራው ሳይጀመር ተነጋግረው ይወስኑ እንደሆነና ጥናቱ የተጠበቀውን ውጤት ባላገኘ ጊዜ እንዲታተም ይተጉ እንደነበር ይጠይቁ። ከዚያ ወደ ተመራማሪው ሲሄዱ ከእከክ ጥናቶቻቸው አንዱን በደንብ አንብበው፣ ያልተመለሰ የሚመስልዎትን ጥያቄ በአንድ ገጽ ጽፈው ይያዙ።