የሪሎቹ ፕሮፖዛል፦ ሁለተኛ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ የክሬቲቭ አርትስ ሴንተርን ታሪክ የያዙት 14 ሪሎች (የድምፅ ቴፕ ጥቅሎች) ወደ ዲጂታል ይገለበጡ፣ በጀት 60,000 ብር። መግቢያው፦ «በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1955 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ ፊሊፕ ካፕላንና ተስፋዬ ገሠሠ የመሩት፣ እነ ወጋየሁ ንጋቱና ደበበ እሸቱ የወጡበት።» አስተያየት እስከ ዓርብ።

የድምፅ ባለሙያ፦ ባለ 7 ኢንች ሪል 1200 ጫማ ነው፤ በሴኮንድ 7.5 ኢንች ሲዞር በአንድ ገጽ 32 ደቂቃ። ሁሉም በሁለት ገጽ ከተቀዳ 15 ሰዓት፤ በ96 ኪሎኸርትዝ፣ 24 ቢት ጥራት ቢገለበጥ እንኳ 31 ጊጋባይት አይሞላም። ስለዚህ ብሩ ለዲስክ ሳይሆን ለማጫወቻው ጥገና ይዋል። ቴፑን የሚስበው ጎማ ከደረቀ ፍጥነቱ ይዋዥቃል፣ የተዋናዩም ድምፅ ይርገበገባል።

የመዝገብ ክፍል፦ 1955 ከየት መጣ? በእጃችን ያለው 1963 እ.ኤ.አ. ብቻ ነው። ከመስከረም ወዲህ ከሆነ 1956 ነው።

ጸሐፊ፦ የአንድ ዓመት ልዩነት ብር አያስከለክልም።

የመዝገብ ክፍል፦ ያስከለክላል! 1955 ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ ጳጉሜ 6 ቀን ስለነበራት 1956 የገባው በፈረንጆች መስከረም 12 ነው። ወሩን ሳታውቁ ዓመት አትጻፉ።

ገንዘብ ያዥ፦ «በ1963 እ.ኤ.አ.» ብላችሁ እለፉት።

የመዝገብ ክፍል፦ የአማርኛ ቴአትር ታሪክ በፈረንጅ ዓመት? እኔ አልፈርምም።

አባል 9፦ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ አንድ ቁጥር! ማጫወቻውን አመጣለሁ ያለው ሰው የት ገባ?

ጸሐፊ፦ ስልክ አያነሳም።

የመዝገብ ክፍል፦ ተቆጥቼ ነበር፣ ይቅርታ። ግን ስለ ሴንተሩ መቋቋም የተጻፉትን ደብዳቤዎች ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መዛግብት ላስፈልግ፤ ለፎቶ ቅጂና ለሠራተኛ 15,000 ይበቃኛል።

አባል 4፦ እንግዲያው ደብዳቤዎቹ ከተገኙ ዓመታቱን በ2 ሜትር ሰሌዳ አሳትመን ዐውደ ርእይ እንክፈት። ለጋሽ የሚታይ ነገር ይወዳል። ሰሌዳውን 30,000 እንጨርሰዋለን።

ገንዘብ ያዥ፦ 15,000 ይቀራል። ለጥገናው አይበቃም።

አባል 9፦ የሚጣበቀው ቴፕ ምድጃ ውስጥ ይሞቃል ሲባል ሰምቻለሁ፤ እሱን ቢያንስ እንጀምር።

የድምፅ ባለሙያ፦ እንዳትነኩት! የሚሞቀው በኋላ ዘመን የመጣው፣ ከፖሊስተር ፕላስቲክ የተሠራው ቴፕ ነው። ጥቅሉን በብርሃን ፊት ያዙት፤ ብርሃን ካሳለፈ አሲቴት የሚባለው የቀድሞው ፕላስቲክ ነው፣ ሙቀት ያበላሸዋል።

ጸሐፊ፦ ተመዝግቧል። ሦስተኛው ረቂቅ፦ ማኅደር ፍለጋና ዐውደ ርእይ፤ ሪሎቹ በሁለተኛ ዙር። ዓመቱ ባዶ ይተው።

የድምፅ ባለሙያ፦ ሁለተኛ ዙር እስኪደርስ ሪሎቹን አቁማችሁ አስቀምጡ እንጂ አትደራርቡ። ሦስቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላሉ፤ አሲቴቱ መበላሸት ጀምሯል ማለት ነው፤ ትነቱ ሌሎቹንም ስለሚበላ ዛሬውኑ ወደ ሌላ ክፍል ይውጡ።