«ካፓሲቲ»ን በሩሲያኛ ምን እንበለው?

ጠያቂው፦ ሰላም ቤተሰብ። ከእንግሊዝኛ ወደ ሩሲያኛ እየተረጎምኩ ነው። ግማሹ የሠራተኞች ሲቪ፣ ግማሹ የጄኔሬተርና የውሃ ፓምፕ ማኑዋል ነው። ራሴን ያዞሩኝ «አቢሊቲ»፣ «ኬፓቢሊቲ» እና «ካፓሲቲ» ናቸው። በአማርኛ ቢሆን «አቅም» ብዬ እገላገል ነበር። ሁሉንም «ስፖሶብኖስት» ብዬ ብነዳው አራሚዋ ገጹን በቀይ ሞልታ መለሰችልኝ። ሲቪው ላይ «ማንኛውንም ሥራ ይችላል» የሚለውን «ኦን ና ፍስዮ ስፖሶበን» ብዬዋለሁ። እዚያ ጋ የሳቅ ምልክት ብቻ አድርጋለች። ምኑ ነው የሚያስቀው? ነገ ማስረከብ አለብኝ።

የድሮ የቮሮኔዥ ተማሪ፦ ልጄ፣ ሰውየውን ወንበዴ አደረግኸው እኮ! ሩሲያዊ ያንን ሲሰማ «ይሄ ሰው ከምንም አይመለስም» ብሎ ነው የሚረዳው። ለሙገሳ የሚባለው «ማስተር ና ፍሴ ሩኪ» ነው፤ እሱም ቢሆን የወሬ ቋንቋ ነው። ሲቪ ላይ «ናቪኪ» (ክህሎቶች) ብለህ የሚችለውን አንድ በአንድ ጻፍ።

ስፖሶብኖስት ሰው ውስጥ ያለ ነገር ነው። ቮዝሞዥኖስት ግን በሩ ሲከፈትልህ የምታገኘው ነው። «ስፖሶብኖስቲ ክ ያዚካም» ካልክ ልጁ ቋንቋ ቶሎ ይገባዋል ማለት ነው። «ኔት ቮዝሞዥኖስቲ ኡቺትሳ» ካልክ ደግሞ ጭንቅላት አያንሰውም፤ ገንዘብ ወይም ጊዜ ነው ያጣው። እኛ ሁለቱንም «መማር አልቻለም» ብለን እናልፋለን።

ይሄ ግን ሁሌ አይሠራም። ስለ ሰው ልጅ የአቅም ወሰን ሲያወሩ «ፕሬዴል ቼሎቬቼስኪህ ቮዝሞዥኖስቴይ» ነው የሚሉት። እዚህ ስፖሶብኖስት ብትል ጆሮ ይቆረቁራል። ለምን አትበለኝ፤ እኔም ሰምቼ ነው የያዝኩት።

መካኒኩ፦ ብሮ፣ ማኑዋሉ ላይ የእንግሊዝኛውን ቃል እርሳው። ከቁጥሩ ጎን ያለውን መለኪያ እይ። ኪሎዋት ከሆነ «ሞሽኖስት»። ባትሪ ሆኖ አምፔር-ሰዓት ካለ «ዮምኮስት»። ፓምፕ ላይ ሊትር በደቂቃ ካየህ «ፖዳቻ»፤ «ፕሮይዝቮዲቴልኖስት» ብትልም ይገባቸዋል። የጭነት መኪና በቶን ከሆነ «ግሩዞፖድዮምኖስት»፤ ምላስ ይሰብራል ግን ሌላ የለውም። አዳራሽ ስንት ሰው ይይዛል ለማለት «ቭሜስቲሞስት»። በእንግሊዝኛ ሁሉም ካፓሲቲ ነው፤ እነሱ ጋ ግን ለየብቻ ነው።

ውል ተርጓሚዋ፦ ወንድሜ፣ ከሲቪዎቹ ጋር ውል ካለ ተጠንቀቅ። በሕግ ቋንቋ ካፓሲቲ ሁለት ቦታ ይከፈላል። «ፕራቮስፖሶብኖስት» መብት ሊኖርህ መቻሉ ነው፤ በሩሲያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ከልደት ይጀምራል። «ዴዬስፖሶብኖስት» ራስህ ፈርመህ ግዴታ መግባት መቻልህ ነው፤ በመደበኛው 18 ዓመት ሲሞላ ነው የሚሟላው። የእኛ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር «ችሎታ» የሚለው ለሁለተኛው ይቀርባል። «ዮምኮስት» ብለህ ብትጽፈውማ ተዋዋዩን በርሜል አደረግኸው።

ጠያቂው፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ወንበዴውን አሁኑኑ እሰርዘዋለሁ። እህቴ፣ ውል የለም፤ ተመስገን። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ጄኔሬተሩ «ከርቀት የመቆጣጠር ኬፓቢሊቲ» አለው ይላል። ሁለተኛ፣ «ካፓሲቲ፦ 50» ብሎ መለኪያ ሳይጽፍ ትቶታል።

የድሮ የቮሮኔዥ ተማሪ፦ የመጀመሪያውን «ቮዝሞዥኖስት» በለው። ዕቃው ለአንተ የሚሰጥህ ነገር ስለሆነ ልክ ይመጣል።

መካኒኩ፦ ለ50ው ጄኔሬተሩ ላይ የተለጠፈችውን ሰሌዳ ፎቶ አስነሳ። ብዙ ጊዜ ኬቪኤ (ኪሎቮልት-አምፔር) ነው። ያኔ «ፖልናያ ሞሽኖስት» (ጠቅላላ ኃይል) ብለህ ጻፍና ቁጥሩን አትንካው። ኪሎዋት ብለህ እንዳትቀይረው፤ ፓወር ፋክተሩ (ከጠቅላላው ኃይል ምን ያህሉ ሥራ ላይ እንደሚውል የሚናገረው ቁጥር) 0.8 ከሆነ 50 ኬቪኤ 40 ኪሎዋት ብቻ ነው።

ጠያቂው፦ ፎቶው መጣ። ኬቪኤ ነው፣ 0.8ም ተጽፎበታል። እኔ 50 ኪሎዋት ብዬ ልኬው ነበር፤ ለአራሚዋ ልደውልላት።