«ቶሽክ» ዓሣ ነው ወይስ በሽታ? ስዊድን ያላችሁ እርዱኝ

ጠያቂ (አዲስ እናት)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስዊድን ከመጣሁ ገና ነኝ፣ ቋንቋውንም እየተማርኩ ነው። ዛሬ ልጄን ለክትትል ቤቬሴ (የሕፃናት ጤና ጣቢያ) ወስጄው ነበር። ነርሷ ምላሱ ላይ ያለውን ነጭ ነገር አየችና «ቶሽክ ነው» አለችኝ። እኔ የማውቀው ቶሽክ ሱቅ ውስጥ በረዶ ሆኖ የሚሸጠውን ዓሣ ነው! ልጁ ገና ጡት ነው የሚጠባው። ደግሞ የክፍሌ ልጅ «ቡድናችን ቶሽካደ» ሲል ሰማሁ። ግራ ገባኝ።

ሁለት ልጅ ያሳደገች፦
አይዞሽ እህቴ። ሙሉ ስሙ «ሙንቶሽክ» ነው፤ «ሙን» አፍ ማለት ነው። ካንዲዳ የሚባል ፈንገስ ነው፣ ሕፃናት ላይ የተለመደ ነው። የወተት ቅሪት ከሆነ ስትጠርጊው ወዲያው ይለቃል፤ ይሄኛው ግን ሙጭጭ ይላል። ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠፋል። እዚህ የሚመክሩት በጋዝ ውሃ (እንደ አምቦ ውሃ ያለው) ጥጥ ነክረሽ፣ ከጠባ በኋላ አፉን ቀስ ብለሽ እንድትጠርጊለት ነው። ጡት እምቢ ካለ ወይም የጡትሽ ጫፍ ካመመሽ 1177 (የጤና ምክር ስልክ) ደውዪ፣ መድኃኒት አለው። ከአገር ቤት «ማር ቀቢው» የሚልሽ አይጠፋም፣ እንዳትሰሚ። ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አደገኛ ነው።

ኦስሎ ነኝ፦
እኛ ጋ ይሄ ጣጣ የለም። በኖርዌይኛም በዴንማርክኛም ዓሣው ቶርስክ ተብሎ ይጻፋል፣ የአፉ በሽታ ግን «ትሮስከ» ነው። ሁለቱን አንድ ያደረገው ስዊድንኛ ነው።

የዓሣው ስም በጥንቱ ኖርስ (በድሮው የስካንዲኔቪያ ቋንቋ) «ቶርስክር» ነበር፤ ሥሩ «ደረቅ» ከሚለው ቃል ጋር ይገናኛል። ዛሬም ስዊድኖች ደረቅን «ቶር» ይላሉ። ሎፎተን (ሰሜን ኖርዌይ ያሉ ደሴቶች) ብትሄጂ ነገሩ ይገባሻል። ክረምት ላይ ዓሣው ከባሬንትስ ባሕር እንቁላል ሊጥል ወደዚያ ይወርዳል። ያጠምዱታል፣ አንገቱን ይቆርጣሉ፣ ሁለት ሁለቱን በጅራታቸው አስረው እንጨት ላይ ይሰቅሏቸዋል። ጨው የለ፣ እሳት የለ፤ ብርዱና ነፋሱ ብቻ እንደ ቋንጣ ያደርቀዋል። ሽታውን ግን አልነግርሽም። ያ ተጓዥ ዓሣ «ስክሬይ» የሚል ሌላ ስምም አለው፤ ከድሮ «መጓዝ» ከሚል ግስ የመጣ ነው።

ማልሞ፦
የቡድኑን ነገር ማንም አልመለሰላትም እንዴ? «ቶሽካ» ማለት መሸነፍ ነው፤ እጅ ከፍንጅ መያዝም ይሆናል። ሰውን ግን ቶሽክ እንዳትዪ! በስዊድን የአራዳ ቋንቋ ወሲብ የሚገዛ ወንድ ማለት ነው። ከፈረንጆቹ 1999 ጀምሮ ደግሞ እዚህ በሕግ የሚጠየቀው ገዢው ነው። ስድብ ነው፣ ከባድ ስድብ።

ኦስሎ ነኝ፦
እዚህ ደግሞ «ጅል» ማለት ነው። አንዳንዴ በቀልድም ይሉታል።

ጠያቂ (አዲስ እናት)፦
ተባረኩ! ቤት ያለኝ የጋዝ ውሃ የሎሚ ጣዕም ያለው ነው፣ እሱ ይሆናል?

ሁለት ልጅ ያሳደገች፦
አይሆንም፣ ጣዕም የሌለውን ግዢ። ጥጡንም በየጊዜው ቀይሪ።