ለእንቁጣጣሽ ቁጠባ የሚያስለምድ ስጦታ ምን ልስጥ?

የአራት ኪሎዋ

ሰላም ቤተሰብ። በዓሉ እየደረሰ ነውና ሐሳባችሁን ፈልጌ ነው።

የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ሂሳብ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ የመሥሪያ ቤቱን ብር ስመዘግብ እውላለሁ። ቤት ስገባ ደግሞ የራሴ ሰዎች ገንዘብ የት እንደሚገባ ሳይታወቅ ሲያልቅ አያለሁ። ያንገበግበኛል።

ሦስት ሰዎች ናቸው የሚያሳስቡኝ። አንደኛው ታናሽ ወንድሜ ነው። ዘንድሮ ሥራ ያዘ፤ ስታዲየም አካባቢ ነው ቢሮው። ተቆራርጦ 12,000 ብር ገደማ በእጁ ይገባል። ከእናታችን ጋር ስለሚኖር የቤት ኪራይ የለበትም። ግን ደመወዝ ከወጣ ሁለት ሳምንት አልፎት እጁ ላይ ብር አይገኝም። ያኔ ስልኩን ያወጣና በስልክ ከሚሰጡት ብድሮች አንዱን ይወስዳል። በሚቀጥለው ወር ደመወዙ ገና ሲገባ ብድሩ ከነክፍያው ይቆረጣል። አዲሱ ወር ከጅምሩ ጎዶሎ ነው ማለት ነው። መጥፎ ልጅ እንዳይመስላችሁ፤ አይጠጣም፣ አይቅምም። ብሩ የሚያልቀው በምሳ፣ በማኪያቶ፣ በታክሲ ኮንትራትና በጓደኛ ልደት ነው።

ሁለተኛዋ የእህቴ ልጅ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በየዓመቱ ከሰፈር ልጆች ጋር አበባየሆሽ ትጨፍራለች። አምና ድርሻዋን የቆጠረችው እኔ ፊት ነው። ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ አሥር አሥሩን ለብቻ፣ አምስት አምስቱን ለብቻ፣ ሳንቲሙን ለብቻ ደረደረች። የተጨማደደውን ብር አንድ በአንድ ጉልበቷ ላይ እያደረገች በመዳፏ ዳመጠችው። በማግስቱ “ለእማዬ ስጪያት፣ ታስቀምጥልሻለች” ተባለች። ሰጠች። በዚያው ቀረ። ልጅቷ ግን እስከ ዛሬ አልረሳችውም፤ አንዳንዴ ስንት እንደነበር ትነግረኛለች።

ሦስተኛዋ ቤት ውስጥ የምታግዘን ልጅ ናት። ሃያ ዓመቷ ነው፤ ከወሎ ነው የመጣችው። ደመወዟን “አንቺ ጋ ይቀመጥ፣ እትዬ” ትለኛለች። ብታምነኝ ደስ ይለኛል፤ ግን ልክ አይመስለኝም። የለፋችበት ብር በራሷ ስም መሆን አለበት።

ለሦስቱም በድምሩ ከ6,000 ብር በላይ ማውጣት አልችልም። ዶሮውም፣ ቅቤውም፣ ሽንኩርቱም አለ። ልብስና ጫማ መግዛት አልፈልግም። ምክርም ጠግበዋል። ልማድ ሆኖ የሚቀርላቸው ነገር ነው የምፈልገው። ምን ትላላችሁ?

ሰንጋ ተራ ባለሱቅ

እህቴ፣ ስለ ወንድምሽ አንድ ነገር ልበል። ጥሩ ምሳ ዕቃ ግዢለት።

ቀልድ አይደለም። ስታዲየም አካባቢ በያይነቱ እንኳ ስንት እንደገባ ታውቂያለሽ። ለስላሳውን ሳትጨምሪ በቀን 200 ብር ብትይው፣ በወር 22 የሥራ ቀን ቢኖር 4,400 ብር ነው። ከደመወዙ ሲሦ በላይ ነው። እናታችሁ ቤት ደግሞ ሽሮ አለ፣ ምስር አለ፣ እንጀራ አለ። እሱ ለአስቤዛ በወር 1,500 ብር ለእናቱ ቢሰጥ እሷም ትደሰታለች፣ እሱም ወደ 3,000 ብር ይተርፈዋል።

ግን የማያፍርበት ይሁን። ወጥ የማያፈስ፣ ሙቀት የሚይዝ፣ ቦርሳው ጥቁር የሆነ። ወጣት ወንድ ፌስታል አንጠልጥሎ ቢሮ አይገባም። ርካሹን ከገዛሽለት አንድ ቀን ዘይቱ ወረቀት ላይ ይፈስበትና ሁለተኛ አይዘውም።

ይህን የምለው ሱቅ ውስጥ ስለማየው ነው። የዱቤ መዝገቤ ከወሩ መጀመሪያ እስከ አጋማሽ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ገጹ ይሞላል። እንቁላል ሁለት፣ ዳቦ ሦስት፣ ዘይት በላስቲክ፣ የሞባይል ካርድ። አምስት ሊትሩን ጀሪካን በአንዴ የሚገዛው ሰው በላስቲክ ከሚገዛው ያነሰ ነው የሚከፍለው። ግን በወሩ መጨረሻ ጀሪካን የሚገዛበት ብር ማን አለው? ብር ያጠረው ሰው ሁሉንም ነገር በውድ ይገዛል። ስለዚህ ለእናትሽ ቤትም አንድ ጀሪካን ዘይት ጨምሪ። እሱም የቤተሰብ ቁጠባ ነው።

መስኮት ቁጥር 3

እኔ ለገሃር አካባቢ ባንክ ቤት ነው የምሠራው። ስለ ሁለቱ ልጆች ልንገርሽ።

ለእህትሽ ልጅ ሂሳብ ይከፈትላት። 18 ዓመት ስላልሞላት በስሟ የሚከፍተውም የሚያንቀሳቅሰውም ወላጅ ነው። የልደት ሰርተፍኬቷን፣ የወላጅ መታወቂያና ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ። ሰርተፍኬት ከሌላት ከወረዳው ወሳኝ ኩነት ከአሁኑ አውጡ። የበዓል ዋዜማ ላይ የትም ቢሮ ሰው አታገኙም።

የቁጠባ ደብተር ጠይቁላት። ዛሬ ሁሉም ነገር ስልክ ላይ ስለሆነ ብዙ ደንበኛ ደብተር ትቷል። ለልጅ ግን ስልክ ላይ ያለ ቁጥር ምንም አይመስላትም። ብሩንም ራሷ ታስገባ። እኛ ጋ የሚመጡ ልጆች ቁመታቸው መስኮቱ ጋ ስለማይደርስ አባት ብብታቸው ሥር ይዞ ያነሳቸዋል። ብሩን መቁጠሪያ ማሽኑ ውስጥ ሳስገባው ትንፋሻቸውን ይዘው ያያሉ። ደብተሩን ስመልስላቸው ለአባታቸው አይሰጡም፤ ራሳቸው ይዘው ነው የሚወጡት።

ሌላም አለ። አምና ከእጇ የወጣውን ብር እናቷ ትመልስላት። ስንት እንደነበር ልጅቷ ታውቃለች ብለሻል። የመጀመሪያው ተቀማጭ እሱ ይሁን። አንቺ የዚያኑ ያህል ጨምሪበት። ይሄ ካልተደረገ ደብተሩም ሁለተኛ “ለእማዬ ስጪያት” ነው የሚሆንባት።

ለምታግዝሽ ልጅ ደግሞ መጀመሪያ የፋይዳ መታወቂያ አላት ወይ? አሁን አዲስ ሂሳብ ለመክፈት ፋይዳ ይጠየቃል። ምዝገባው ነፃ ነው። ከሌላት ግማሽ ቀን ፈቃድ ስጪያትና አብረሻት ሂጂ። ሂሳቡ ላይ የሚመዘገበው ስልክ ቁጥር የራሷ ይሁን። ብር ሲገባና ሲወጣ መልእክቱ ለእሷ መድረስ አለበት። የሚስጥር ቁጥሯን አንቺም አትወቂው። ከዚያ በኋላ ደመወዟን በእጅ መስጠት አቁመሽ እዚያው አስገቢላት።

ለወንድምሽ ከባንኩ ቋሚ ትዕዛዝ ይሙላ። ደመወዝ በገባ በማግስቱ 1,500 ብር ኤቲኤም ካርድ ወደሌለው ሌላ ሂሳቡ በራሱ ጊዜ ይዞራል። የተረፈኝን እቆጥባለሁ የሚል ሰው ምንም አይተርፈውም።

የፒያሳ ልጅ

መስኮት ቁጥር 3 ያለችው ሁሉ ትክክል ነው። አንድ ነገር ግን አልተናገረችም። ባንክ ውስጥ የተኛ ብር ይቀልጣል። ብሔራዊ ባንክ ከጥቅምት 2010 ጀምሮ የቁጠባ ወለድ ከ7 በመቶ እንዳያንስ አድርጓል። የገበያው ዋጋ ግን ለዓመታት ከዚያ በላይ ነበር የጨመረው። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ 100 አለፈ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ፒያሳ ነው የኖርኩት። እናቶቻችን ብር ሲተርፋቸው ወርቅ ቤት የሚገቡት ለጌጥ ብቻ አልነበረም።

6,000 ብር ዛሬ ወርቅ እንደማይገዛ አውቃለሁ። ለወደፊቱ ግን አስቢበት። ስትገዢ ጌጡ የበዛበትን አትምረጪ። የምትከፍዪው ለወርቁና ለእጅ ዋጋው ነው፤ መልሰሽ ስትሸጪ የሚመዘነው ወርቁ ብቻ ነው። ካራቱ የተመታበት፣ ደረሰኝ ያለው ይሁን።

ሼርም አለ። በ2017 የኢትዮ ቴሌኮም ሼር በቴሌብር ሲሸጥ አንዱ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ ደግሞ 33 ሼር ነበር። 9,900 ብር ማለት ነው። ወንድምሽ ያን ያህል እስኪያጠራቅም ባንኩ ይጠቅመዋል። ለዓመታት እዚያው መተው ነው የማልስማማበት።

መስኮት ቁጥር 3

ጋሼ፣ በዚህ አልከራከርም። ብሩ ዋጋ እንደሚያጣ በየቀኑ አየዋለሁ። ግን በወሩ አጋማሽ ብድር የሚወስድ ልጅ ችግሩ የዋጋ ንረት አይደለም፤ የሚቀልጥ ብርም ገና የለውም። ለዘጠኝ ዓመቷ ልጅም ብር ማስቀመጥና መልሶ ማግኘት እንደሚቻል ማየቷ ከወለዱ ይበልጥብኛል።

ከበኒን አጠገብ

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ነገር ልጨምር።

የምታግዝሽ ልጅ ከወሎ ነች ብለሻል። ሙስሊም ከሆነች ሂሳቡን ከመክፈታችሁ በፊት ጠይቂያት። ብዙ ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት አላቸው፤ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሚሠሩም አሉ። ወለድ ያለበት ሂሳብ ብትከፍቺላት ላንቺ ስትል ዝም ትልና ብር አታስገባበትም።

ወንድምሽን ደግሞ ዕቁብ አስገቢው። እኛ ሥራ ቦታ አሥር ሆነን በወር ሁለት ሁለት ሺህ እንጥላለን። ዕጣው 20,000 ብር ነው። በአሥር ወር ዞሮ ያልቃል። ባንክ ማንም አይቆጣውም፤ ዕቁብ ላይ ግን ቀኑ ሲያልፍ ዳኛው ይደውላል፣ ጸሐፊው ይደውላል፣ ዕጣ የደረሰው ሰው አፍጥጦ ይጠብቃል። እንደ ወንድምሽ ላለ ልጅ ያ ይሉኝታ ከማንኛውም ምክር ይበልጣል።

ዕጣው ግን ቀድሞ እንዳይደርሰው። ቀድሞ የወሰደ ሰው ከጓደኞቹ ያለወለድ ተበደረ ማለት ነው። ቆጠበ የሚባለው መጨረሻ የሚወስደው ነው። በመጀመሪያው ወር 20,000 እጁ ከገባ አዲስ ስልክ ነው የሚገዛው፤ ከዚያ ዘጠኝ ወር ዕዳ ይከፍላል። ስለዚህ ዳኛውን አናግሩና የመጨረሻውን ይያዝ። መጨረሻ ልውሰድ የሚል ሰው የትም ዕቁብ ላይ ይወደዳል። ዋስ አምጣ ብለውም አያስጨንቁትም።

ስጦታሽ የመጀመሪያው ወር መዋጮ ይሁን። አንድ ወር ብቻ፤ ሁለተኛውን ራሱ ይጣል።

የአራት ኪሎዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ይህን ያህል አልጠበቅኩም።

ልጅቷን ዛሬ ማታ ጠየቅኳት። ሙስሊም ናት፣ እኔም አውቃለሁ፤ ስለ ወለዱ ግን አንስተን አናውቅም ነበር። “ወለድ የሌለበት ካለ እሱን” አለችኝ፤ ቶሎ ነው የመለሰችው፣ ስታስብበት የቆየች ይመስላል። ፋይዳ የላትም። ማክሰኞ አብረን እንሄዳለን። 1,000 ብር መነሻ አስገባላታለሁ። እስካሁን እኔ ጋ ያለውን የእሷን ብር ደግሞ ጽፌ፣ አስፈርሜያት፣ በዚያው ቀን አዛውረዋለሁ።

እህቴን ስለ አምናው ብር ተናገርኳት። መጀመሪያ ከፋት። “ለዩኒፎርሟ ነው ያዋልኩት” አለች። እውነቷን ነው፤ አላጠፋችውም። ግን ለልጅቷ ማንም አልነገራትም። ልትመልስላት ተስማምታለች፤ እኔም ያንኑ ያህል እጨምራለሁ። የልደት ሰርተፍኬቱም አለ።

ምሳ ዕቃውን ነገ ከሥራ ስወጣ እፈልጋለሁ፤ ጥቁር ቦርሳ ያለውን። ዘይቱንም ይዤዋለሁ። በተረፈው ዕቁቡን እጀምርለታለሁ። ሁለት ሺው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ይበዛበታል ብዬ ፈራሁ። ደግሞ የሥራ ቦታ ይሻላል ወይስ የሰፈር? እናታችን የሰፈር ዕቁብ አላት፤ እሷ ጋ ቢገባ ባይችል ትከፍልለታለች ብዬ እሰጋለሁ።

ከበኒን አጠገብ

እናትሽ ያለችበት አይግባ፤ ስጋትሽ ልክ ነው። የሥራ ቦታው ይሻላል። ሁለት ሺው ከበዛ የአንድ ሺህ ይፈልግ፤ ወይም ከአንድ ጓደኛው ጋር አንዱን ዕጣ ለሁለት ይያዙ፤ ብዙ ቦታ ይፈቀዳል። አንድ ነገር ግን አጣሩ፦ መዋጮው የሚሰበሰበው መቼ ነው? ደመወዝ በወጣ በማግስቱ የሚሰበሰብ ይምረጥ። በወሩ አጋማሽ ከሆነ እንደገና ከስልኩ ተበድሮ ነው የሚጥለው።