ለስሜን የጥር ሌሊት ሁለት ኩዊልት መደረብ፦ የትኛው ከላይ? እስከ ስንት ዲግሪ?

ደገኛው፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጥምቀትን ጎንደር ካከበርን በኋላ፣ ከጥር 13 ጀምሮ፣ እኔና ባለቤቴ ከሳንቃበር ተነስተን በግጭ በኩል ጨነቅ ድረስ በእግር እንሄዳለን። አራት ሌሊት ድንኳን ውስጥ ነን። ሳንቃበር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620 ሜትር ላይ ስለሆኑ ውርጭ እንደሚጠብቀን እናውቃለን።

በእጃችን ያለው ለየራሳችን −1 ዲግሪ ሴልሺየስ የተጻፈበት የላባ ኩዊልት (ከጀርባ በኩል ክፍት የሆነ የመኝታ ልብስ)፣ +10 የተጻፈበት ስስ ሲንተቲክ ኩዊልት (ሙሌቱ ሰው ሠራሽ ቃጫ የሆነ) እና አር ቫልዩው (ከመሬት የሚመጣውን ብርድ የመከላከል መለኪያው) 4 ገደማ የሆነ በአየር የሚነፋ ፍራሽ ነው። የሁለቱም ኩዊልቶች ወርድ 137 ሳንቲ ሜትር ነው። ለአራት ሌሊት ብለን ለብርድ የተሠራ ወፍራም ኩዊልት መግዛት አልፈለግንም። የትኛው ከላይ ይሁን? ሲደረቡ እስከ ስንት ዲግሪ ይችላሉ? ዕቃ የሚጭን በቅሎ ስላለን ጋቢ ብንጨምርበትስ?

ባለድንኳን፦

ሲንተቲኩ ከላይ፣ ላባው ከገላችሁ ጋር ይሁን። ይህን የሚወስነው እርጥበት ነው። ሰው ተኝቶም ቢሆን ከቆዳው እንፋሎት ይወጣል። እንፋሎቱ ወደ ውጭ ሲያልፍ ቅዝቃዜው የበረታበት ቦታ ላይ ሲደርስ ውሃ ይሆናል፤ ውርጭ ባለበት ሌሊት ደግሞ እዚያው ይረጋል። አንድ የላባ ኩዊልት ብቻ ሲኖር ያ ቦታ ላባው ውስጥ ነው። ላባ ሲርስ እርስ በርሱ ይጣበቅና አየር መያዙን ይተዋል። ሲንተቲክ ሲደረብበት ግን ውሃው የሚፈጠርበት ቦታ ወደ ላይኛው ይሸሻል፤ ሲንተቲክ ደግሞ ቢረጥብም ብዙ አይሟሽሽም። በመጀመሪያው ሌሊት ልዩነቱ አይታወቃችሁም። የሚታወቀው በሦስተኛውና በአራተኛው ነው።

ዲግሪውን ለመገመት የኩዊልት ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ስሌት አለ። ከ21 ላይ የስሱን ቁጥር ቀንስ፣ ለሁለት አካፍል፣ ያገኘኸውን ከወፍራሙ ቁጥር ላይ ቀንስ። ለእናንተ 21 ሲቀነስ 10፣ 11 ይሆናል፤ ግማሹ 5.5 ነው፤ ከ−1 ላይ ሲቀነስ −6.5 ይሰጣል። ቦታቸውን አታለዋውጥ፤ መነሻው ሁልጊዜ ወፍራሙ ነው። ቁጥሩም ግምት ስለሆነ የሚሠራው ከታች እንደሚመጣው ሁለቱም ሳይጨፈለቁ ሲደረቡ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልንገርህ። ብዙ ሰፊዎች የሚጽፉት ቁጥር የመቻያ ወሰን እንጂ የምቾት ቁጥር አይደለም። የመኝታ ከረጢቶች በሚለኩበት አይኤስኦ 23537 በተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ የምቾቱ ቁጥር በአማካይ ሴት፣ ወሰኑ በአማካይ ወንድ ይለካል፤ በሁለቱ መካከል ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ልዩነት ይኖራል። ስለዚህ −6.5 ያልነው ለባለቤትህ −1 አካባቢ ሊሆን ይችላል። በጥር ጨነቅ ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች መውረዱ የተለመደ ነው፤ ለ−5 ተዘጋጅቶ መሄድ ይሻላል። ለእሷ ላይኛውን +4 በተባለው ብትቀይሩት ስሌቱ −9.5 ይሰጣል፣ ምቾቱም ወደ −4 ይወርዳል። ክላይማሺልድ አፔክስ በተባለው የሲንተቲክ ሙሌት የሚሰፋ ከሆነ +10 የሚባለው በካሬ ሜትር 85 ግራም ገደማ፣ +4 የሚባለው 120 ግራም ገደማ የሚመዝነው ሙሌት ነው።

መርፌና ክር፦

ከዲግሪው በፊት ወርዱን አስቡበት። የሁለቱም ወርድ 137 ከሆነ ነገሩ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። ላይኛው በውስጡ ያለውን ሰውና ያበጠውን ላባ አቅፎ ፍራሹ ጠርዝ ድረስ መውረድ አለበት። ካጠረ ከሁለት አንዱ ይሆናል፦ ጎኑ ይከፈትና ነፋስ ይገባል፣ ወይም ለመሸፈን ሲጎተት ላባውን ይጨፈልቀዋል። የተጨፈለቀ ላባ አየር አይዝም፤ በሁለት ኩዊልት ውስጥ ተኝታችሁ የአንድ ያህል ትሞቃላችሁ። ላይኛው ከታችኛው ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይስፋ፤ ለ137 ሲሆን 150 ገደማ ማለት ነው። በጎኑ የሚተኛና የሚገላበጥ ሰው ደግሞ ከዚያም በላይ ይፈልጋል።

ቤት ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ አለ። ላባውን ብቻውን አንጥፉትና ሩብ ሰዓት ያህል እስኪያብጥ ጠብቁ፤ መሃሉ ላይ ቁመቱን በማስመሪያ ለኩ። ከዚያ ሲንተቲኩን ደርባችሁ እጃችሁን በመካከል አስገብታችሁ እንደገና ለኩ። ትንሽ ዝቅ ማለቱ ያለ ነው። ሲሶ ያህል ከወረደ ግን ላይኛው ጠቧል ወይም ከብዷል። እግር በኩልም እንዲሁ እዩ። የላይኛው የእግር ኪስ በገመድ የሚጠበብ ከሆነ ሙሉ ለሙሉ አትሳቡት፣ ጫፉን ልቅ ተዉት። ሌላው ገላ ሞቆ የእግር ጣት ብቻ የሚቀዘቅዝ ከሆነ መጀመሪያ እዚያ ፈልጉ።

ስለ ጋቢው፦ ላባው ላይ አትደርቡት። ሲንተቲክ ኩዊልት ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው፤ ጋቢ ክብደቱ ብቻውን ላባውን ያስተኛዋል። ጥጥ ስለሆነም የድንኳኑን ጤዛ ይጠጣና ጠዋት እርጥብ ሸክም ይሆናል። ጋቢ ለማታ እሳት ዳር የሚያህለው የለም፣ ውሰዱት። ከተኛችሁ በኋላ ግን ቦታው ከፍራሹ ሥር ነው። ባና ካገኛችሁ ሱፍ ስለሆነ ለዚያ ሥራ ከጋቢም ይበልጣል።

ደገኛው፦

በጣም አመሰግናለሁ። ለእሷ ሰፋ ያለ +4 ሲንተቲክ እንፈልጋለን፤ እኔም ላይኛውን በ150 እቀይራለሁ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ሁለቱም ጨርቅ ናይለን ስለሆነ ሲደረቡ ይንሸራተታሉ። ፍራሹስ በዚህ አር ቫልዩ ይበቃል?

መርፌና ክር፦

ለመንሸራተቱ፣ በታችኛው ኩዊልት ጠርዝ ላይ ስድስት ቦታ፣ ማለትም በሁለቱም ወገን ትከሻ፣ ዳሌና እግር ላይ፣ ትንሽ የሪባን ቀለበት ስፉ። በላይኛው በትክክለኛው አንጻሩ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላስቲክ ገመድና ትንሽ የፕላስቲክ መንጠቆ አድርጉ። ገመዱ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ይርዘም፤ አጭር ከሆነ ሲገላበጡ ላባውን ይስባል። መርፌው የጠርዙን ስፌት ብቻ ይንካ፤ ላባው ያለበትን ክፍል ከወጋችሁት በቀዳዳው ላባ መውጣት ይጀምራል። ወደ ፍራሹ የሚታሰረው ታችኛው ብቻ ነው፤ ላይኛው በመንጠቆዎቹ ተይዞ ልቅ ይውደቅ። አንገት ላይ ግን ሁለቱንም ዝጉ። ኩዊልት ኮፍያ ስለሌለው ጆሮንና አንገትን የሚሸፍን ወፍራም ቆብ የግድ ነው።

ባለድንኳን፦

ፍራሹ ለዜሮ ይበቃል፣ ለ−5 ግን ቀጭን ነው። ኩዊልት ከጀርባ በኩል ምንም ስለሌለው ከመሬት የሚመጣውን ብርድ የሚከላከለው ፍራሹ ብቻ ነው፤ ከላይ ሦስት ብትደርቡም ያንን አይተካም። አር ቫልዩ ይደመራል፤ አር ቫልዩው 2 የሆነ የሚታጠፍ የፎም ምንጣፍ ብትጨምሩ 6 ይሆናል፣ ይህም በደንብ ይበቃል። ፎሙን ከሥር አድርጉት፤ ፍራሹን ከጠጠርና ከእሾህ ያድናል። የኩዊልቱ ማሰሪያ የሚዞረው በአየር ፍራሹ ብቻ ይሁን፤ ፎሙን አብሮ ካቀፈ ጠርዙ እየተጎተተ ክፍት ቦታ ይፈጥራል።

ማታ ጠንክሮ የተነፋ ፍራሽ እኩለ ሌሊት ላይ ቢለሰልስ ቀዳዳ አትፈልጉ። አየሩ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ከመተኛታችሁ በፊት ድንኳኑ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ካቆያችሁት በኋላ እንደገና ንፉት። በአፍ ከመንፋት በማንፊያ ከረጢቱ ይሁን፤ የትንፋሽ እርጥበት ውስጡ ይቀራል።

ቧሂት_3፦

በሰፈሩ ቦታ ላይ ላክልበት። ቀዝቃዛ አየር ሌሊት ወደ ዝቅታ ይፈስሳል፤ ጓሳው የተመቸበት ጎድጓዳ ቦታ ከአጠገቡ ካለው ከፍታ ይብሳል። ጥቂት ሜትር ከፍ በሉ፣ ግን ገደሉ አፋፍ ላይ ነፋስ ስላለ እዚያም አትጠጉ። የድንኳኑን የላይ መተንፈሻ ክፈቱት፤ ከተዘጋ ትንፋሻችሁ ጣሪያው ላይ ውርጭ ይሆንና ጠዋት ኩዊልቱ ላይ ይራገፋል። አፍንጫችሁን ኩዊልቱ ውስጥ ቀብራችሁ አትተኙ፤ የትንፋሹ እርጥበት ቀጥታ ላባው ውስጥ ይገባል።

ሙቅ ውሃ በጠንካራ ጠርሙስ ሞልታችሁ፣ ክዳኑ እንዳያፈስ ጠርሙሱን ገልብጣችሁ ፈትሻችሁ፣ በካልሲ ጠቅልላችሁ በጭናችሁ መካከል አድርጉ። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ሲፈላ ወዲያው ቅዱት። ከመተኛት በፊት በቅቤ የታሸ በሶ ብሉ፣ ገላ ሌሊቱን የሚያነደው ነገር ያገኛል። የውሃ ማጣሪያውን ከእናንተ ጋር አስተኙት፤ የቃጫ ማጣሪያ አንድ ጊዜ ከረጋ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያገኘዋል፣ ከዚያ በኋላ አይታመንም።

ኩዊልቶቹን በቅሎ ላይ አትጫኑ። ጭነቱ በገመድ ይታሰራል፣ ላብና ጤዛም ያገኘዋል። ሁለቱንም ውሃ በማያስገባ አንድ ከረጢት ውስጥ ሳትጨምቁ ከጀርባችሁ ያዙ። ስለ መንገዱና ስለ ጸጥታው ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ስካውትም (አብሯችሁ የሚሄድ የፓርኩ ጠባቂ) የሚመደብላችሁ ከዚያው ነው።

ጠዋት ፀሐይ ድንኳኑን ስትነካ መንጠቆዎቹን ፈትታችሁ ሁለቱን ለያዩ። ላይኛውን የውጭ ፊቱን ወደ ፀሐይ፣ ላባውን ግን ገልብጣችሁ የውስጥ ፊቱን አስጡ፤ ቁርስ እስኪያልቅ ተዉዋቸው። በጥር ሰማዩ ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ስለሆነ ይደርቃሉ። መንገድ ቸኩላችሁ እርጥቡን ከጠቀለላችሁት ግን እኩለ ቀን ላይ ስታርፉ መጀመሪያ እሱን ፍቱት።