ጥቆማ፦ ለሁለት ዓመት ልጄ የመጫወቻ ኩሽና፤ ፕላስቲክ ወይስ አናጢ ይሥራልኝ?

ጠያቂዋ (ጀሞ)
ሰላም እናቶች። ልጄ ሁለት ዓመት ሞላት፤ ከድስቶቼ አልለይ ብላለች። ትናንት የአባቷን ካልሲ ብረት ድስት ውስጥ ከትታ፣ በጭልፋ አማስላ፣ ክዳኑን ስትገጥም ደረስኩባት። የመጫወቻ ኩሽና ላመጣላት ነው። ቤቴ ስቱዲዮ ስለሆነ ሰፊ ቦታ የለኝም። ፕላስቲኩን ልግዛ ወይስ በእንጨት ላሠራ? ቁመቱስ?

የሁለት እናት
አሠሪ። እኔ ለትልቁ በኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ በሚሠራው ጣውላ) ያሠራሁትን አሁን ታናሹ እየተጫወተበት ነው። ቁመቱን በልጅቷ ለኪ፤ ቀጥ ብላ ስትቆም ላዩ ከክርኗ ትንሽ ዝቅ ይበል። በዚህ ዕድሜ ቁመታቸው 85 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ 45 ቢሆን ይመቻታል። ጠርዙን ሳትዳብሺ እንዳትረከቢ። ማጣበቂያውና ቀለሙ ስለሚሸት ሳምንት ያህል በረንዳ ላይ አቆይው፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ በብሎን ይታሰር፤ መንጠላጠላቸው አይቀርም።

ከመርካቶ
አናጢ በቀጠሮ ያመላልስሻል። ዱባይ ተራ ደንበኛዬ ጋ ሂጂ። ሦስት ልጅ ያሳደግኩት በሱ ዕቃ ነው፤ ሌላ ቦታ መዞር ድካም ነው።

ካቢኔት በልክ
ኪችን ካቢኔት በፈለጋችሁት ዲዛይን እንሠራለን። ልኬት በነጻ። ዋጋ በውስጥ መስመር።

አንድ አባት
ወንድሜ፣ ጥያቄውን አንብበኸዋል? ለሁለት ዓመት ልጅ መጫወቻ ነው የተባለው። ዋጋም እዚሁ ይጻፍ፤ ሁሉ ነገር በውስጥ መስመር ከሆነ ምኑን ከምኑ እናነጻጽራለን?

የደረሰብኝን ልንገራችሁ
ፕላስቲክ ከመግዛትሽ በፊት ይህን ስሚኝ። ምድጃው መብራት የሚያበራ፣ ሲጠበስ የሚንጫጫ ኩሽና ገዛሁ። የቧንቧው ፓምፕ በሁለተኛው ቀን ቆመ፤ እሱስ ይሁን። የባትሪው ክዳን ግን ብሎን የለውም፤ ልጄ በጥፍሩ ከፈተው። ውስጡ ሦስት ክብ፣ ጠፍጣፋ ባትሪ ነበር፤ እኔ ያገኘሁት ሁለት ነው። በሌሊት ሆስፒታል ሄደን ራጅ ተነሣ። ሆዱ ባዶ ነው ሲሉኝ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሦስተኛውን በማግስቱ ከመጫወቻው ኦቨን ውስጥ አገኘሁት። ሱቁ ስመለስ ባለቤቱ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ወረቀት በጣቱ አሳየኝ።

ነርስ ነኝ
እንኳን እግዜር አተረፈልሽ! ያ ባትሪ ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረ በ2 ሰዓት ውስጥ ሊያቃጥል ይችላል። ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ለማስታወክ ሳትሞክሩ ቀጥታ ሆስፒታል። በሶፍት ካርቶን ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ዕቃም ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥ፤ ትንንሾቹን የመጫወቻ ቲማቲምና እንቁላል በዚያ ለኩ።

ከመርካቶ
የኔ ደንበኛ እንዲህ አያደርግም።

አንድ አባት
የማንም ደንበኛ ይሁን፣ ደረሰኝ ያዙ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። የግድግዳ ወረቀት ከአዋጅ አይበልጥም።

የደረሰብኝን ልንገራችሁ
ደረሰኝ ስጠይቀው እኮ «ከነደረሰኙ ከሆነ ዋጋው ይጨምራል» ብሎኝ ነው የተውኩት።

ከቨርጂኒያ
እኛ ኢኬያ ከሚባለው የቤት ዕቃ መደብር ዱክቲግ የተባለውን የመጫወቻ ኩሽና ነው የገዛነው። የእንጨት ነው፣ እግሩ በሦስት ቁመት ይስተካከላል፤ ልጄ አራት ዓመቷ ነው፣ እስካሁን አልሰለቻትም። ውድብሪጅ ያለው ኢኬያ ሄዳችሁ እዩት።

የሁለት እናት
እህቴ፣ ጠያቂዋ ጀሞ ናት። ግን የእግሩ ነገር ጥሩ ሐሳብ ነው፤ አናጢው እግሩን በብሎን የሚረዝም ያድርገው።

አያት
ልጆቼ፣ እኛ እቃቃ ስንጫወት ሳህናችን ቆርኪ፣ ወጣችን ጭቃ ነበር። ቀጨኔ ሸክላ ከሚሠሩት ሴቶች ትንንሽ ጀበናና ድስት ግዙላት። ቡና አፍልታ «ጠጡልኝ» ስትላችሁ ታዩታላችሁ።

ነርስ ነኝ
እማማ፣ እውነትዎን ነው፣ ደስ ይላል። ሸክላ ሲሰበር ግን ስለት ነው፤ ትንሽ ከፍ እስክትል አጠገቧ ሆነው ያጫውቷት። ለብቻዋ ስትሆን የጎማ ስኒ ይበቃታል።

ጠያቂዋ (ጀሞ)
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የባትሪውን ነገር ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ የቤቱን ሪሞት ሁሉ ክዳን በፕላስተር ጠቀለልኩ። ጠዋት ክርኗን ለካሁ፤ 51 ሆነ። የሁለት እናት፣ ያንቺ አናጢ የት ሰፈር ነው?

የሁለት እናት
ላፍቶ። ቁጥሩን ላክሁልሽ። ቀብድ ከግማሽ በላይ እንዳትሰጪው።

ከመርካቶ
ቆይ እንጂ፣ ደንበኛዬን ሳታዪ አትወስኚ። ቅዳሜ ጠዋት ይገባል።

አዲስ እናት
እኔም ለልጄ እየፈለግኩ ነው። የጀሞዋ እህቴ፣ በመጨረሻ የቱን ያዝሽ?